ከራስ በፊት ለጉሮሮ

ፀጉር ቤቴን የተከራየችው ራሄል ባለፈው ወር ቤቴ ድረስ መጥታ፣ «እትዬ ታደለች፣ ከጓሮ ያለችውን ሽንት ቤት ላፈርሳት ነበር፤ ፈቃድዎን ልጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁት» ስትለኝ ደንግጬ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

ራሄል ክፉ ልጅ አይደለችም። ከቡሌ ሆራ የመጣች፣ እጇ ፈጣን፣ አፏም ከእጇ የማይተናነስ ወጣት ናት። በእኔ ጊዜ ሁለት መስታወትና አንድ ካስክ ብቻ የነበረው ቤት ዛሬ በመብራት አሸብርቋል። ግድግዳው ሙሉ ዊግ ነው። ከትልቁ መስታወት ሥር ደግሞ በመስመር የተከፋፈለ፣ ሕፃን ልጅ የሚያክል የውሃ ጠርሙስ ተቀምጧል። ውሃ የጠጣች ሴት ፀጉሯ ያበራል፣ ፎረፎሯም ይጠፋል የሚል ነገር በስልክ ስለሚዞር ራሄልም ጠርሙሱን አቅፋ ቪዲዮ ትሠራለች። ደንበኞቿ አይተው ይወዱላታል።

«ለፀጉር መታጠቢያ ገንዳ ቦታ ጠበበኝ» አለችኝ። «ሽንት ቤቷን እንደሆነ ማንም አይጠቀምባትም። ዝም ብላ ቦታ ይዛለች።»

ማፍረሷ ሳይሆን «ማንም አይጠቀምባትም» ማለቷ ነው ያስደነገጠኝ። መልስ ለመስጠት ጥቂት ጊዜ እንድትታገሰኝ ነገርኳት። ጣቶቼ ሚዶ መጨበጥ እምቢ ካሉኝ ወዲህ ሥራ ፈት ነኝና፣ መልሴን ከሥር ከመሠረቱ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት በሰማንያ ሦስት ሥርዓቱ በተለወጠ ማግስት ነው። አባቴ ከወሎ የመጣ ወታደር ነበር፤ ነገሌ ጦር ሰፈሩ አጠገብ ነው ጎጆ ቀልሶ ያሳደገን። ጦሩ ሲበተን ደመወዙም አብሮ ተበተነ። እናቴም ታላቋ ልጅ እኔ ስለነበርኩ እጄን ይዛ እትዬ ብዙነሽ ዘንድ ወሰደችኝ። ክፍያዬ ምሳና የበዓል ቀሚስ ነበር። በዚያን ጊዜ እሱም ቀላል አልነበረም።

እትዬ ብዙነሽ የሐረር ሰው ነበሩ። ሃምሳ አለቃ ባላቸውን ተከትለው መጥተው፣ ባላቸው ሲሞቱ እዚሁ በሹሩባ ሥራ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ቁጣቸው ከሰላምታቸው የሚቀድም ሴት። ራሳቸውን ክረምት ከበጋ በጥቁር ሻሽ ጥፍንግ አድርገው ያስሩ ነበር። የሰው ፀጉር ሲያሳምሩ ውለው የራሳቸውን ግን ለማንም አሳይተው አያውቁም። መበለት ናቸው፣ ሐዘናቸው ነው ብለን ተውነው።

ደንበኛ ስትመጣ «አካም፣ ናጋ?» ብለው እጇን ይይዛሉ። ሰላምታ ይመስላል። ከእጇ ጀርባ ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይለቁታል። ቶሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ዝም ይላሉ። ዘግየት ካለ፣ «ምላስሽን አውጪ» ይላሉ። ምላሷ የደረቀ እንደሆነ በጣሳ ውሃ ቀድተው ይሰጧታል፤ እስክትጨርስም ሚዶ አያነሱም። ኦሮምኛ ለምትሰማዋ «ቢሻን ዱጊ»፣ ውሃ ጠጪ፣ ነው፤ ለሌላዋ «ከራስ በፊት ለጉሮሮ» ነው። አንዲት የመኮንን ሚስት በዚህ ተቆጥታ፣ «እኔ የመጣሁት ልሠራ ነው ወይስ ልታከም?» ብትላቸው፣ «ሁለቱንም በአንድ ዋጋ» አሏት። ጠጣች። ከዚያ በኋላ ሌላ ቤት ሄዳ አታውቅም።

እኔን ሥራ ያስተማሩኝ በጆሮ ነው። «ሚዶውን ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር ውጪ፤ ጆሮሽንም አቅርቢ» ይሉኝ ነበር። ደረቅ ፀጉር ሚዶ ሲያልፍበት ይንጫጫል፤ ያልተጠማው ዝም ብሎ ያሳልፋል። መስመር ካወጣሁ በኋላ በአውራ ጣቴ ራስ ቆዳውን እንድገፋው ያዙኛል። ከአጥንቱ ላይ ላላ ብሎ ከሄደ ደህና ነው። አልንቀሳቀስ ካለ፣ ነጭ ፍርፋሪም ከተነሳ፣ ያን ቀን ጥብቅ ሹሩባ የለም። የግንባር ዳር ፀጉር ደግሞ መቼም ቢሆን አይጎተትም፤ የጎተትኩ ቀን ጣቴን በሚዶው እጀታ ይሉኛል። ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ራሳቸውን በቅቤ አርሰው ስለሚመጡ ድርቀት የማይነካቸው ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ቅቤ ክዳን ነው። ባዶ ማሰሮ ቢከድኑት ምን ይገኛል?» አሉኝ።

ውሃ በእኛ አገር እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። በቦና፣ በደረቁ ወራት፣ የቦኖው ቧንቧ አየር ብቻ ይተነፍሳል። ያኔ ከቦቴ ወይም ከአህያ ጋሪ በጀሪካን ይገዛል። ሴቲቱ ለልጅ፣ ለወጥ፣ ለጥጃ፣ ለእንግዳ እጅ ማስታጠቢያ አዳርሳ የራሷን ጉሮሮ መጨረሻ ታስታውሳለች። እኔም ጥማቱን ሁሉ የውሃ እጦት አድርጌ ነበር የማየው። ወደራ ገበያ ላይ ነው ነገሩ ሌላ መሆኑን ያወቅኩት።

በገበያ ቀን ወደራ ወርደን በላስቲክ ዳስ ሥር እንሠራ ነበር። አንዲት ቅቤ ሻጭ ራሷን እየቧጨረች መጣች። እትዬ ብዙነሽ ቆነጠጧትና ጣሳውን ሰጧት። ሴትዮዋ ጣሳውን መለሰች። አጠገቧ የራሷ ሙሉ ጀሪካን ተቀምጧል።

«አልጠማሽም?» አሏት።

«ጠምቶኛል፣ አዴ» አለች፤ እናቴ እንደ ማለት ነው። «ገበያ ላይ ግን አልጠጣም። ወንዶቹ ግድግዳ አላቸው። እኛ የት እንሂድ?»

ያን ቀን ዓይኔ ተገለጠ ብል ማጋነን አይደለም። ዙሪያዬን አየሁ። ሽንኩርት ሻጯ፣ ጨው ሻጯ፣ ከማለዳ ጀምረው ፀሐይ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ውሃው ከጎናቸው ነው። በምድር ላይ ውሃ አጠገቡ እያለ ተጠምቶ የሚውል እንስሳ አላየሁም። እትዬ ብዙነሽን ቀና ብዬ ሳያቸው ጣሳውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል። ቁጣ ነበር የጠበቅኩት። ምክንያቱ ያኔ አልገባኝም።

ኋላ የተሻለ ደመወዝ ፈልጌ ሻኪሶ ሄድኩ። ወርቁ የሞቀበት ጊዜ ነበር፤ ሴቱ እንደ ወንዱ ገንዘብ ይይዛል፣ ፀጉር ቤትም እንደ ሻይ ቤት ይበዛል። ቀኑን ሙሉ እስከ ጉልበታቸው ወንዝ ውስጥ ቆመው አፈር የሚያጥቡ ሴቶች ይመጡልኝ ነበር። ፀጉራቸው እንደ ደረቅ ሣር እጄ ላይ ይሰበራል። ወንዙ ከድፍርስነቱ የተነሳ አይጠጣም፣ ንጹሑን ለመፈለግ ቢወጡ ደግሞ ተራቸው ይወሰዳል። አሠሪዬ ስስታም ሰው ነበር። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ የወጣ የገባውን ይቆጣጠራል። ሥራ ላይ ስጠጣ ያየኝ ቀን፣ «በዚህ ቤት ውሃ የሚጠጣው የደንበኛ ፀጉር ብቻ ነው» አለኝ። ሽንት ቤቱ ገበያውን ተሻግሮ ስለነበር ነው። እኔም እንደሌሎቹ ሠራተኞች አለመጠጣት ለመድኩ። ብዙም ሳይቆይ ራሴን ያመኝ፣ ያሳክከኝም ጀመር፤ ትራሴ ላይ ፀጉር መልቀም ሆነ ሥራዬ።

ነገሌ ስመለስ እትዬ ብዙነሽ ገና በሩ ላይ እጄን ቆንጥጠው ያዙኝ። «ይሄ ቆዳ ነው ወይስ ብራና? እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ?» ብለው ሰደቡኝ። ጣሳ ሙሉ አጠጡኝና ዳግመኛ ሞልተው ሰጡኝ። ያንን ስድብ ዛሬ ሳስታውሰው ነው የሚገርመኝ። የሚሰድቡኝ እሳቸው ነበሩና።

አሁን ወደ ሎኮ ሠርግ ልምጣ።

ሎኮ የእህል ነጋዴዋ የአዴ ቀበኔ ልጅ ናት። በሠርጓ ዋዜማ ጠዋት እናትና ሚዜዎች አጅበዋት መጡ። በእኛ ከተማ ሙሽራ ለሹሩባ ከተቀመጠች እስከ ሠርጉ ፍጻሜ ውሃ አትቀምስም ማለት ይቻላል። ሙሽራ ከሰው መሀል እየተነሳች ወደ ጓሮ ስትመላለስ መታየቷ ነውር ነው። እናቶች ይህን እንደ ሙያ ይቆጥሩታል። «የእኔ ልጅ አንዴም አልተነሳችም» ተብሎ ይወራል።

እትዬ ብዙነሽ የሎኮን እጅ ቆነጠጡ። ምላሷን አዩ። ጣሳውን ቀዱ።

«አይሆንም» አሉ አዴ ቀበኔ። «ከትናንት ጀምሮ ጠብቄያታለሁ። አሁን አታበላሺብኝ።»

«እንግዲያስ እኔም አልሠራም።»

«ገንዘብ እጨምራለሁ።»

«ገንዘብ ራስ ቆዳ አያርስም፣ አዴ። ይህን ሁሉ ሹሩባ ደረቅ ራስ ላይ ብጎትተው ከሠርጉ በኋላ ግንባሯ ራሰ በራ ይሆናል። ዛሬ ያላመመሽ ነገ ያስለቅስሻል።»

ሎኮ ሁለቱንም ተራ በተራ ታያለች። በመጨረሻ እናቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጠጪ» አሉ። ሎኮ ጣሳውን እንደ ጥጃ ነው የጨረሰችው። ያኔ የእኛም ፀጉር ቤት ሽንት ቤት አልነበረውም። ደንበኛ ሲቸግራት ጎረቤት ወዳለው ሆቴል እንልካታለን። ሙሽራዋን እኔና ሚዜዎቿ በነጠላ ከልለን ወሰድናት፤ በሩ ላይ ቆሜም ጠበቅኋት። ስትወጣ ፊቷ በርቶ፣ «አሁን ሠርጉ የእኔ መሰለኝ» ብላ ሳቀች።

ሥራው ሙሉ ቀን ፈጀ። እትዬ ብዙነሽ አልተቀመጡም። ሎኮ በየመሀሉ ትጠጣለች፣ እንከልላታለን፣ ትመለሳለች። የእሳቸው ጣቶች ግን ወደ ማታ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ድካም ነው ብዬ ቦታ ልቀይራቸው ብል ገፈተሩኝ። የመጨረሻዋን ጉንጉን ቋጭተው፣ ሚዶውን በቦታው አስቀምጠው፣ «በቃ፣ እልል በሉላት» አሉ። ሚዜዎቹ እልል ሲሉ እሳቸው በቁማቸው ወደቁ።

ቀኑን ሙሉ ሁላችንም የሙሽራዋን ምላስ ስንጠብቅ ውለን የወደቁት ሠሪዋ ናቸው። እልልታው እንዴት ወደ ጩኸት እንደተቀየረ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። በአዴ ቀበኔ የእህል መኪና ነው ወደ ጤና ጣቢያ የወሰድናቸው።

ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ማርታ ነበረች፤ ፕሮቴስታንት ቤተሰብ ውስጥ ያደገች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ። እጃቸውን አነሳችና ቆዳቸውን ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ልክ እንደሳቸው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆሞ ቀረ።

«መቼ ነው ውሃ የጠጡት?» አለችን።

እኔ ነበርኩ መመለስ የነበረብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬያቸው ውያለሁ። ጣሳውን ሲቀዱ፣ ሲሰጡ፣ ሲያጥቡ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁ። ጣሳው ወደ እሳቸው አፍ ሲሄድ ያየሁበትን ቀን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ማርታ ግሉኮስ ስትሰቅልላቸው ላብ ስላጠመቃቸው ሻሹን ፍቺላቸው አለችኝ። ፈታሁት። ወደ ኋላ እንደተመለስኩ አስታውሳለሁ። ስንት ሴት ያሳመሩት እትዬ ብዙነሽ፣ የራሳቸው ራስ ቆዳ እንደ ደረቀ ኩሬ መሬት ተሰነጣጥቋል። ከግንባር ፀጉር የለም። ቀሪው ጣት በማይሞላ ቁመት እየተሰበረ ቀርቷል፤ ፍርፋሪው እጄ ላይ ረገፈ። ሐዘን ነው ያልነው ይህን ነበር። መልሼ ልሸፍነው ስል ዓይናቸውን ገለጡ።

«አየሽው» አሉኝ።

«ለምን?» አልኳቸው።

«ቆሜ የምውል ሴት ነኝ። ብጠጣ የት ልሂድ?» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሱቁን በከፈቱ ሰሞን እሳቸውም ሆቴሉ ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው በጠጪዎቹ ፊት፣ «የፀጉር ቤቷ ሴትዮ ዛሬም ለሽንት መጣች» ብሎ ጮኸ። ወንዶቹ ሳቁ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሥራ ላይ ጠብታ ቀምሰው አያውቁም። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ብቻ ነው የሚጠጡት። ስንቱን ሙያ ከልባቸው ያስተማሩኝ ሴት፣ ያንን ሳቅ ግን ለብቻቸው ተሸክመውት ኖረዋል።

ማርታ ኋላ ሁሉንም አስረዳችን። ውሃ ብቻውን ፀጉር አያበቅልም አለች፤ ምግቡም፣ በሽታውም፣ የሹሩባው መጥበቅም፣ ዘርም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ሰውነት ውሃ ሲያንሰው ያለችውን መጀመሪያ ለልብና ለአንጎል ያዳርሳል፣ ቆዳና ፀጉር ወረፋው መጨረሻ ላይ ናቸው። «እንደ ቦኖ ወረፋ አስቡት። የመጨረሻዋ ሴት ጀሪካን ባዶ ሆኖ ካያችሁ፣ ውሃው ካነሰ ቆይቷል ማለት ነው» አለችን። እትዬ ብዙነሽ ራስ ላይ ያየነው የመጨረሻዋን ጀሪካን ነበር። ኩላሊታቸው ጠጠር ይዟል፣ አንደኛውም ክፉኛ ተጎድቷል።

ሽንት ቤቷ የተሠራችው ከዚያ በኋላ ነው። ማንንም አልለመንም። አዴ ቀበኔ ጉድጓድ ቆፋሪ ላኩ። የወታደር ሚስቶች ቆርቆሮ አመጡ። ሎኮ ራሷ ከነሙሽርነቷ ሲሚንቶ አስጭና መጣች። እትዬ ብዙነሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጣሳቸውን እየጠጡ ሠራተኞቹን ይቆጣሉ። መቀርቀሪያው ከውስጥ ይሁን፣ በሩ ወደ መንገድ አይዙር፣ ከታች ክፍተት አይኑረው። ስትጨረስ መጀመሪያ የገቡት እሳቸው ናቸው። ሴቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቃቸው። ሲወጡ ማንም አልሳቀም።

ሥራቸውን ሳይተዉ ተቀምጠው መሥራት ጀመሩ። ከጊዜ በኋላ ፍርፋሪው ቆመ፣ ማሳከኩም ተወ። ከኋላና ከጎን ጥሩ ፀጉር ወጣላቸው፤ አንድ የፋሲካ በዓል ሻሻቸውን ጥለው ብቅ ሲሉ ሰፈሩ አላወቃቸውም። እኔ ነኝ የሠራኋቸው፣ ላላ አድርጌ። ከግንባራቸው ላይ ያለው ግን አልበቀለም። ኩላሊታቸውም አልተመለሰም። ማርታ፣ «ብዙ ዘገየን» ብላ ነበር። ያ ፀጉር ገና ትከሻቸውን ሳይነካ ቀበርናቸው፤ ፀጉር ቤቱም ከነሽንት ቤቷ ለእኔ ቀረ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ራስ አልፎብኛል፤ አጠገቤ ውሎ ያላየሁት ራስ ግን ይሄ አንድ ብቻ ነው፣ ድንጋጤውም አልለቀቀኝም።

እዚህ ድረስ ከጻፍኩ በኋላ ትናንት ወደ ማታ መልሴን ልሰጣት ወደ ራሄል ሄድኩ። የመጨረሻዋን ደንበኛ ሸኝታ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ትልቁ ጠርሙስ እዚያው መስታወት ሥር ነው። ጠጋ ብዬ አየሁት። ውሃው ከላይኛው መስመር ላይ ነው።

«አሁን ነው የሞላሽው?» አልኳት።

«ጠዋት ነው» አለች ሳታስብ።

ወደ ጓሮ ሄድኩ። ሽንት ቤቷ ከውጭ በሽቦ ታስራለች። ሽቦውን ስፈታው የዊግ ካርቶን እግሬ ላይ ወደቀ፤ እስከ ጣሪያው ድረስ ካርቶን ነው።

«ራሄል፣ አንቺ የት ነው የምትሄጂው?»

«የትም» አለች። «ደንበኛ አይፋታኝም። ማታ ቤቴ ስገባ…»

እጇን ያዝኩት። ሰላምታ መስሏት ፈገግ አለች። ከእጇ ጀርባ ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጌ ለቀቅኩት። ሁለታችንም እጇን እያየን ቆምን። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው። ፀጉሯን ያሰረችበትን ሻሽ አየሁ፤ ጥቁር አይደለም፣ አበባ ያለበት ነው። እንድትፈታው አልጠየቅኳትም። ጠርሙሱን አንስቼ ሰጠኋት።

«ቪዲዮ ልቅረጽ?» አለች፣ ልታስቀኝ።

«ጠጪ።»

ጠጣች። መጀመሪያ ለእኔ ብላ፣ ኋላ ግን ጥማቱ ራሱ ያዛት፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት ጠጣች። እኔ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ወደ ውጭ ማውጣት ጀመርኩ። መጥታ ያለ ምንም ቃል አገዘችኝ። ወለሉን ጠረገች፣ መቀርቀሪያውን ሞከረችው። ዝጎ ነበር፤ እያሸች አላላችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እትዬ ታደለች፣ ይቆማሉ?» አለችኝ።

በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።